ልጄ፣ ሕንዳዊቷ ጓደኛዋና የአሜሪካ ግብር

አምና የካቲት ውስጥ ነው፣ እሑድ ማታ። የመጨረሻ ልጄ ከዳላስ በቪዲዮ ስትደውል እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ፊቷን ሳየው የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ የቀረልኝ ልማድ ቢኖር፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ፊቱን ማንበብ ነው።

«እማዬ፣ የዓመቱን ግብሬን ስሠራ 1,752 ዶላር ጨምሪ አለኝ» አለች።

«በየደሞዙ እየቆረጡብሽ አይደለም እንዴ?»

«እየቆረጡ ነው። አልበቃም ነው የሚለው።»

ገንዘቡ አልጠፋም፤ አስቀምጣ ነበር። ያስቀመጠችው ግን ለግብር ሳይሆን ለእኔ ነው። የማድ ቤቴ ጣሪያ ከዝገቱ ብዛት ወንፊት ሆኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ድስትና ሳፋ ደርድሬ ነበር የማሳልፈው። «ለፋሲካ እልክልሻለሁ፣ ቆርቆሮው ይለወጥ» ብላ ቃል ገብታልኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጄ አሜሪካ የገባችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 2022 ነው። (ከዚህ በኋላ የግብር ዓመቶቹን የማነሣው በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ ግብሩም የእነሱ ነውና።) ማስተርሷን ታኅሣሥ 2023 ጨርሳ፣ ከጥር 2024 ጀምሮ አንድ ድርጅት ውስጥ በዓመት 46,000 ዶላር ተቀጠረች። ቪዛዋ ያው የተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ-ዋን የሚሉት ነው። ከምረቃ በኋላ አሥራ ሁለት ወር በተማሩበት ሙያ እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል፤ ኦፒቲ ይሉታል። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተማሪ ከሆኑ ሌላ ሃያ አራት ወር ይጨመርላቸዋል። ልጄም ሁለተኛውን አግኝታለች።

46,000 ዶላር ስል ሰፈር ውስጥ ያለው ሰው ወዲያው በብር ያባዛል። እኔም አባዝቻለሁ፣ አልዋሽም። የቤት ኪራዩን፣ የመኪናውን፣ የትምህርት ዕዳውን በብር ያባዛ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ አፓርታማ የምትጋራት ሕንዳዊት ልጅ አለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ስታየኝ እጇን አጣምራ ነው ሰላም የምትለኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፣ በአንድ ቀን ተመረቁ፣ ቪዛቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ደሞዛቸው እንኳ እኩል ነው፤ መሥሪያ ቤታቸው ብቻ ይለያያል። ያን ሰሞን ሁለቱም ጠረጴዛ ከበው ግብራቸውን ሲሠሩ፣ ሕንዳዊቷ አንዳች የምትጨምረው ዕዳ አልመጣባትም። ለምን ብላ ብትጠይቃት «እኔ ስታንዳርድ ዲዳክሽን ይቀነስልኛል» አለቻት።

ስታንዳርድ ዲዳክሽን ማለት ግብር የማይነካው የደሞዝ ክፍል ነው። እኛ አገር አሁን ከወር ደሞዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር እንደማይነካው ማለት ነው። በአሜሪካ ለ2024 ዓ.ም. ላላገባ ሰው 14,600 ዶላር ነበር።

አሁን የእኔ ጥፋት ይመጣል።

«አንድ ቤት እየኖራችሁ፣ አንድ ቪዛ ይዛችሁ፣ እሷ የተቀነሰላትን አንቺ ለምን ትተይዋለሽ?» አልኳት። «ቅጹ ለእኔ እንደዚያ አይልም መሰለኝ» ስትለኝ ደግሞ «ሁልጊዜ ለራስሽ ፈሪ ነሽ! ሰው አገር ዝም ያለ ይበላል እንጂ አይበላም» ብዬ ቆጣ አልኩባት። ዳላስ የሚኖሩ አንዲት የምናውቃቸው እትዬም ጠይቃቸው «ሁሉም ይቀነስለታል፣ እኔ በየዓመቱ ይቀነስልኛል» አሏት። እሳቸው ግሪን ካርድ ካገኙ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ልዩነቱን ማናችን እናውቃለን?

ጓደኛዋ የጻፈችውን ቁጥር እሷም ጻፈች። ዕዳው ዜሮ ሆነ። ለፋሲካ ገንዘቡ መጣ፤ ግንቦት ላይ ማድ ቤቴ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ሲወርድ ከታች ቁጭ ብዬ ቡና እያፈላሁ ልጄን ስመርቅ ከረምኩ።

ጥቅምት ላይ እንደገና ደወለች። መሥሪያ ቤቷ ወደ ሥራ ቪዛ እንድትዛወር ለማመልከት አስቦ፣ ወረቀቶቿን ሁሉ አስተካክላ እንድትጠብቅ ነግሯት ነበር። እሷም ለጥንቃቄ ብላ የውጭ ተማሪዎችን ግብር ወደሚሠራ አንድ ሒሳብ አዋቂ ትሄዳለች። ሰውዬው ወረቀቷን ከማየቱ በፊት የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከየት አገር ነሽ?»

ኢትዮጵያ ስትለው የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ የሚባለው፣ ያሳተመውን አንድ መጽሔት ከፈተላት። ቁጥሩ 901 ነው። ውስጡ አሜሪካ የግብር ስምምነት የተፈራረመቻቸው አገሮች በፊደል ተራ ተደርድረዋል። በጣቱ ወረደ፦ ዴንማርክ፣ ግብፅ፣ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድ። በኢስቶኒያና በፊንላንድ መካከል ነበር የእኛ ቦታ። ባዶ ነው።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ ከሁሉ የቆረቆረኝ እሱ ነው፤ ገንዘቡ እንኳ አይደለም። ሕንድ ከአሜሪካ ጋር በ1989 የፈረመችው ውል አንቀጽ 21 ላይ፣ ሕንዳዊ ተማሪ እንደ አሜሪካዊ ያ የማይነካ ክፍል እንዲቀነስለት ይላል። የቻይና ውል ደግሞ በ1984 የተፈረመ ነው፤ በአንቀጽ 20 መሠረት ቻይናዊ ተማሪ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ከሚያገኘው ደሞዝ ግብር አይከፈልበትም። ያች 5,000 ከአርባ ዓመት በኋላም ያው 5,000 ናት። ሕንዶቹ በተወሰነ ቁጥር ሳይሆን «አሜሪካዊው ባገኘው ልክ» ብለው ስለተዋዋሉ የእነሱ ከጊዜው ጋር እያደገ ነው። ብልህ ሰው ነው ያረቀቀላቸው።

ከአፍሪካ እንዲህ ያለ ውል ከአሜሪካ ጋር ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዝያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ለግብፃዊ ተማሪ በዓመት 3,000 ዶላር፣ ለቱኒዝያዊ 4,000። (ግብፆችን በውኃው ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ ለካ እዚህም ቀድመውናል።) እኛም ጭራሽ ውል የለንም ማለት አይደለም። ከጣልያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከቱርክ ጋር አለን፤ ከቻይናና ከሕንድ ጋርም ሳይቀር። ከአሜሪካ ጋር ነው የሌለን። ልጆቻችን ደግሞ በብዛት የሚሄዱት ወደዚያው ነው።

ውል ከሌለ ምን ይሆናል? የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ለመጀመሪያዎቹ አምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመታት፣ ለግብር ሲባል «ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ሰው» ተብሎ ይቆጠራል። ቢሠራም፣ ቤት ቢከራይም፣ መኪና ቢገዛም ያው ነው። ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላው ቅጽ 1040-ኤንአር የሚባለው ነው፤ እዚያ ላይ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የለም። ደሞዙ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ግብር ይነካዋል።

እኔ ነገር የሚገባኝ በወረቀት ስሠራው ነው። ሕንዳዊቷ ከ46,000 ላይ 14,600 ሲቀነስላት 31,400 ይቀራል። ከዚያ የመጀመሪያው 11,600 በመቶ አሥር፣ የቀረው በመቶ አሥራ ሁለት ሲሰላ ግብሯ 3,536 ዶላር ነው። የልጄ ሙሉው 46,000 ሲሰላ 5,288 ይመጣል። ልዩነቱ 1,752። ያች የየካቲቷ ቁጥር! መሥሪያ ቤቷ ግብሩን ሲቆርጥ የኖረው እንደ አሜሪካዊ ቆጥሯት ስለነበር ነው የጎደለው። ቴክሳስ ደግሞ ክፍለ ግዛቱ በደሞዝ ላይ ግብር ስለማይጥል ሒሳቡ በዚሁ አለቀ፤ ሌላ ክፍለ ግዛት ቢሆን የሚጨመር ነበረው።

ስለዚህ ያስገባችው ወረቀት ስሕተት ነው፤ በማስተካከያ ቅጽ አርማ፣ 1,752 ዶላሩን ከነወለዱ መክፈል አለባት ማለት ነው።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ከአፌ የወጣው «እነሱ ካላወቁ ምን አስቸኮለሽ፣ ዝም በይ» የሚል ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ ነው እንዲያ ያናገረኝ መሰለኝ። እሷ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«እማዬ፣ የሁለቱን ሞክሼዎች ታሪክ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ።

እኔ ነኝ። በ1976 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን ይዤ አንድ የአውራጃ ሆስፒታል እንደተመደብኩ፣ የሴቶች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሞክሼ እናቶች ነበሩ። አንደኛዋ የደም ግፊት፣ ሌላዋ የጨጓራ ሕመምተኛ። ማታ መድኃኒት ሳዞር ስም ጠራሁ፤ የጨጓራዋ ታማሚ «አቤት» አለች፤ የአባት ስም ሳልጠይቅ፣ ካርድ ሳላይ የግፊቱን ክኒን አዋጥኳት። ሳህኑን ስመልስ ነው የታወቀኝ። ያየኝ ሰው አልነበረም። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ለተረኛዋ ሲስተር ሄጄ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። መዝገቡን አምጥታ በገዛ እጄ አስጻፈችኝና፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው ሥር ተቀምጬ በየግማሽ ሰዓቱ ግፊቷን እንድለካ አዘዘችኝ። ሴትዮዋ ከትንሽ መፍዘዝ በቀር ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ካርድ ሳላይ ክኒን ሰጥቼ አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ስሠራም ስንቱን ተቆጥቻለሁ! «ለጎረቤቴ የሰጣችኋት ክኒን አሽሯታል፣ እኔም ከሷ ተካፍዬ ወሰድኩ» ብሎ የሚመጣውን። ሳሉ አንድ ይመስላል፣ በሽታው ሌላ ነው። ስድሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ለገዛ ልጄ የጎረቤት መድኃኒት አዘዝኩላት።

«ክፈይ» አልኳት። «ከጡረታዬ እያጠራቀምኩ እመልስልሻለሁ።» ሳቀች። በእኔ ጡረታ 1,752 ዶላር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እሷም አስልታው ይሆናል።

ሒሳብ አዋቂው ሰው ግን በዚህ አላቆመም። ማስተካከያውን ሊሠራ አሠሪዋ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጣትን ደብሊው-2 የሚባል ወረቀት ሲያይ፣ ሣጥን 4 እና ሣጥን 6 ላይ ብዕሩ ቆመ። አራተኛው ላይ 2,852 ዶላር፣ ስድስተኛው ላይ 667 ዶላር ተቆርጧል። የመጀመሪያው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ እንደ እኛ ጡረታ መዋጮ ማለት ነው። እኛ ሰባት ከመቶ ስንዋጣ የኖርነውን እነሱ 6.2 ከመቶ ይቆርጣሉ። ሁለተኛው ሜዲኬር፣ 1.45 ከመቶ፣ በዋናነት የአረጋውያን ሕክምና ነው።

«ይህ ከአንቺ ላይ መቆረጥ አልነበረበትም» አላት።

ስትነግረኝ «ደግሞ የየትኛው አገር ውል ነው?» አልኩ፣ ተማርሬ። የማንም አይደለም። የራሷ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በተማሪ ቪዛ ያለ፣ አምስቱን ዓመት ያልጨረሰና በተፈቀደለት ሥራ ላይ ያለ ሰው ከእነዚህ ሁለት መዋጮዎች ነፃ ነው ይላል። ሕንዳዊ ሆነ ኢትዮጵያዊ አይጠይቅም። ሁለቱ ሲደመሩ 3,519 ዶላር ነው። ልጄ በውል ማጣት ያጣችውን እጥፍ የሚሆን ገንዘብ በማናውቀው ቦታ ተቀምጦ ነበር፣ እኛ የጓደኛዋን ወረቀት ስንመኝ።

ያች ሕንዳዊትስ? ከእሷ መጀመሪያውኑ አልተቆረጠም፤ መሥሪያ ቤቷ የውጭ ተማሪ መቅጠር ለምዷል። ሁለቱ ልጆች ሙሉ ደሞዛቸውን ተነጋግረዋል፤ እጃቸው ላይ የሚገባውን አንድም ቀን አላስተያዩም።

ማስመለሱ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የሚጠየቀው አሠሪው ነው። የልጄ መሥሪያ ቤት ደሞዝ ክፍል «እዚህ አገር ሁሉም ይከፍላል» ብሎ መለሳት። ዳላስ ያሉት እትዬም፣ ነፍሳቸውን ይማርና ብዬ ልላቸው እስኪዳዳኝ ድረስ፣ «ሥራሽን እንዳታጪ፣ ተዪው» አሏት። ሒሳብ አዋቂው ግን ሕጉን ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈላት፤ አንድ ብልህ ዓረፍተ ነገርም ጨመረበት። አሠሪው በእሷ ስም የከፈለው የራሱ ድርሻም ያው 3,519 ዶላር ነው፤ ቢያስተካክል እሱም የራሱን ያገኛል። ይህን ሲያዩ ፍጥነታቸው ጨመረ። አሠሪው እምቢ ቢል ኖሮ ቅጽ 843 እና ቅጽ 8316 ተሞልተው፣ የፓስፖርቷ፣ የመግቢያ መዝገቧና የሥራ ፈቃዷ ቅጂ ተያይዞ በቀጥታ ለአይአርኤስ ይላካል፤ እሱ ወራት ይፈጃል ይላሉ። የእሷ እዚያ አልደረሰም። ለገና ሳምንት ሲቀረው የ2024ቱን መለሱላት፤ ከ2025 ደሞዟ ሲቆረጥ የነበረውንም አስተካክለውላታል።

1,752 ዶላሩን ከነወለዱ ግን ከዚያ በፊት፣ ኅዳር ላይ ከፍላ ነበር። የተስተካከለውን ቅጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እንግሊዝኛው ሁሉ አይገባኝም፤ ያች ቀድሞ 14,600 የነበረችበትን መስመር ግን ፈልጌ አገኘኋት። ባዶ ናት።

አሁን አንድ ደብተር አለኝ። ድሮ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ እንደምመዘግበው ዓመቶቹን በተርታ ጽፌያለሁ፦ 2022፣ 2023፣ 2024፣ 2025፣ 2026። ነሐሴ ላይ ስለገባች 2022 አምስት ወር እንኳ አልሞላም፤ ሕጉ ግን እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጥረዋል። ሳትሠራ በተቀመጠችበት በዚያ ዓመት እንኳ ቅጽ 8843 መላክ ነበረባት፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲው አስታውሶ አስልኳታል። ሲመረቁ ነው አስታዋሽ የሚያጡት። 2027 ላይ ቪዛዋ ያው የተማሪ ቢሆን እንኳ እንደ ነዋሪ ትቆጠራለች፤ ያ 14,600 የነበረው ቅናሽ፣ ያኔ በደረሰበት ልክ፣ ይቀነስላታል፣ መዋጮዎቹንም እንደ ሰው ትከፍላለች። ቀድሞ ወደ ሥራ ቪዛ ከተዛወረች ከመዋጮው ነፃ መሆኗ በዚያው ቀን ያበቃል። ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ልታማክረኝ መጣች። ልጇ አሜሪካ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ትኬቱ ለታኅሣሥ 19 ተቆርጧል፤ እሷ የመጣችው የክትባት ወረቀቱን እንዳይለት ነበር። ወረቀቱን አየሁና ደብተሬን አወጣሁ።

«ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ከጥምቀት ማግሥት።»

ታኅሣሥ 19 በእነሱ ዲሴምበር 28 ነው። አራት ቀን ቀደም ብሎ በመግባቱ አንድ ሙሉ ዓመት ከአምስቱ ላይ ይቆረጥበታል። ይህን ሳስረዳት ግማሹ አልገባትም፤ ፊቷ ላይ አየሁት። የገባት ሌላው ነገር ነው።

«ታዲያ ገናን እዚሁ ይብላ ነው የምትዪኝ?» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ትኬቱን ለታኅሣሥ 30 አስለወጡት። ዶሮው ላይ እኔም ተጠርቼ ነበር።